የጠጣ ይናገር

ከዓይኔ ርቀህ ከልቤ ላልራቅኸው ወንድሜ ለዳበሳ፤

ካለህበት ካምፓላ ድረስ ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። ጋሼ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሲበርድ የሚነሣብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይስ አሁንም ይመላለስብሃል? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሹ ልጅህ ጥርስ አበቀለ? ትልቋስ አማርኛ ትሰማለች ወይስ የአገሩ ቋንቋ ጠቅልሎ ወሰዳት? እኛ ለእግዚአብሔር ክብር ይሁንና ሁላችንም ቆመን እንሄዳለን። እናታችን አዮ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም። ባለቤቴ ዮሚፍ ደህና ነው። ልጃችን ኢልሊ ሦስተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፤ አንተ ስትሄድ በጀርባዬ ታዝላ የሸኘችህ ልጅ ዛሬ ደብተሬን እየሰረቀች ታነባለች። እኔም ካንተ ናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም።

«የስልኩ ድምፅ ሰምቼው ያልቃል፤ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ደጋግሜ የማነበው ነገር እፈልጋለሁ» ካልከኝ ቆየህ። የሚያደርስልኝ ሰው አጥቼ ዘገየሁ እንጂ አልረሳሁትም። አሁን ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አንዱ የሆነው ምስጋና ለትምህርት ወደ አንተ ከተማ ሊመጣ ስለሆነ ይህን በእጁ ሰጥቼዋለሁ። በአማርኛ የምጽፍልህም ለዚያች ልጅህ ጮክ ብለህ እንድታነብላት ነው። ፊደሉን ለእኔ ያስቆጠርከኝ አንተ አይደለህ?

ይህን ስጽፍ ዝናብ እየዘነበ ነው። የአሶሳን የሰኔ ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ልጆች ሳለን በእንዲህ ያለ ዝናብ በቀርከሃው አግዳሚ ላይ አስቀምጠኸኝ ከዝናቡ በላይ እየጮህክ ተረት ትነግረኝ ነበር። ከራስህ ፈጥረህ ነበር የምትነግረኝ። መሃል ላይ ስትደርስ ትተወውና «ቀሪውን አንቺ ጨርሺ» ትለኛለህ። እኔ ስጨርሰው ሁልጊዜ ሁሉም ሰው ታርቆ አብሮ ምሳ ይበላ ነበር፤ አንተም ትስቅብኛለህ። አግዳሚው አሁንም በረንዳው ላይ አለ። አንድ እግሩ ስለላላ ማንም አይቀመጥበትም። አዮ ግን «ዳበሳ ይጠግነዋል» እያለች እንዳይጣል ከልክላለች።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። ረጅም ነው፤ ታገሠኝ።

ከጓሯችን ማዶ ያሉት እትዬ አማል፣ የጋሽ ባቢከር ባለቤት፣ ያገኛቸውን ነገር በስልክ በቁንጽል ነግሬህ ነበር። ጋሽ ባቢከር ካረፉ ወዲህ ሴትዮዋ ከልጃቸው ከዐወድ ጋር ብቻቸውን ናቸው። እሱም ብዙውን ጊዜ ወርቅ ፍለጋ ከወንዝ ወንዝ ሲዞር ይከርማል። አባባ ከቤጊ አምጥቶ እዚህ ሲያሰፍረን ከጋሽ ባቢከር ጋር በሁለቱ ጓሮ ወሰን ላይ የተከሏቸውን ማንጎዎች መቼም አትረሳም። አባባ ጉድጓዱን ሲቆፍር ጋሽ ባቢከር ችግኙን ይዘው፣ አዮና እትዬ አማል ደግሞ ውሃ እያመላለሱ ነበር የተከሏቸው። አንተ ከአንደኛው ላይ ወድቀህ ክንድህ ሲወልቅ ያሹህም እትዬ አማል ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከዚያ ማንጎ ያልበላ የለም።

በየካቲት አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማን። ስንወጣ ከማንጎዎቹ ከፊሎቹ መሬት ላይ ተዘርረዋል። ሰዎች ደግሞ በእትዬ አማል ጓሮ መሃል ለመሃል የቆርቆሮ አጥር ያቆማሉ። አስቆራጩ ጋሽ ቢቂላ ናቸው። እህል ነጋዴው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ለመጋዘን የሚሆን ቦታ ፈልገው ነበርና መሬቱ የማንም አልነበረም፣ ጦም አዳሪ ነው፣ ማንጎውም ወፍ ዘራሽ ነው አሉ። ለዚህም የሚመሰክሩላቸው ሰዎች አግኝተዋል። እትዬ አማል ከመጋዙ ፊት ቆመው በቤርታኛም በአረብኛም ሲጮሁ እኛ በየበራችን ቆመን አየን። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ቤታችን ገባን።

ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሰፈርተኛውን በየተራ ጠየቁ። ያ የማንጎውን ጭማቂ እስከ ክንዱ ሲያፈስ የኖረ ሰው ሁሉ «እንጃ፣ አላስታውስም፣ እኔ ስመጣ እንዲሁ ነበር» አለ። እኛም አልተናገርንም። ሽማግሌዎቹም «ማስረጃ የለምና ፍርድ ቤት ሂዱ» ብለው ተነሡ።

ጋሼ፣ አትቆጣን፤ ነገሩን ልንገርህ። ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያለበሱት እሳቸው ናቸው። አባባ ያረፈ ጊዜ፣ አንተ በሌለህበት፣ አስከሬኑን ከሐኪም ቤት በገዛ መኪናቸው አምጥተው፣ ቀብሩ እስኪያልቅ ከአዮ አጠገብ አልተለዩም። ዮሚፍ ሞተር ብስክሌት የሚጠግንባት ክፍል የእሳቸው ናት። ከሰፈሩ ግማሹ ወይ ተከራያቸው ነው፣ ወይ እህል በዱቤ የሚወስድ ነው። ማን ምን ብሎ ይናገር?

አንተ ደግሞ ይህንን ስነግርህ በስልክ ምን አልከኝ? «እናንተ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ሥራችሁ ዝምታ ነው?» አልከኝ። እውነትህን ነው። አንተ ለተፈናቃዮች የመጣው እህል የት ገባ ብለህ በሰው ፊት ተነሥተህ ጠይቀሃል። ለዚያም አገርህን፣ ሥራህን፣ እናትህን ከፍለሃል። የከፈለ ሰው ቢቆጣ ያምርበታል። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እንዳንተ እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ስብሰባ ላይ እጄን ላወጣ ባሰብኩ ቁጥር ምላሴ ይደርቃል። እግዚአብሔር ለአንተ የሰጠውን ጉሮሮ ለእኔ አልሰጠኝም። ታዲያ እኔ በምን ልቁም እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ።

ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች ጸሎት አለን። በዚያ ሰሞን ሁላችንም ተንበርክከን «ጌታ ሆይ፣ ለዚህች መበለት የሚቆምላት ሰው አስነሣ» እያልን እንጸልይ ነበር። አዮም ትጸልያለች፣ እኔም አሜን እላለሁ። አንድ ሐሙስ እንዲህ ተንበርክኬ ሳለ ዓይኔን ገለጥኩና ዙሪያዬን አየሁ። ከወሰኑ ማንጎ የበሉ ሴቶች ሁሉ እዚያው ነበሩ። ሁላችንም ያን ሰው እግዚአብሔር ከሌላ ሰፈር እንዲያመጣልን ነበር የምንለምነው። ጋሼ፣ እንዲያ ያፈርኩበትን ጸሎት አላስታውስም። አሜን ማለት አቃተኝ፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

እንደምታውቀው አሁንም የማስተምረው ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ነው። ጠዋት በሰርቪስ ወደ መጠለያው እንሄዳለን፣ ከሰዓት እንመለሳለን። ተማሪዎቼ ጦርነት ከሱዳን ያባረራቸው ልጆች ናቸው። ስለ ራሳቸው ብትጠይቃቸው አንገታቸውን ይደፋሉ እንጂ አይመልሱልህም። ግን ቤቷ ስለተቃጠለባት ጥንቸል ተረት ብትነግራቸውና «ጥንቸሏ የት ተደበቀች? ማን አብሯት ነበር?» ብትላቸው ሁሉንም ይነግሩሃል፤ የተደበቁበትን፣ የጠፋባቸውን፣ መንገድ ላይ የቀረውን። በጥንቸሏ አድርገው ይናገራሉ። ይህንን ከእነሱ አየሁ። ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቁት የሚሸሸውን ነገር በተረት ስታመጣለት ቀስ ብሎ ይቀርበዋል።

ለፋሲካ ወጣቶቹ ሁልጊዜ መንፈሳዊ ድራማ ያሳያሉ። ጽሑፉን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። የዘንድሮውን ስለ ጉድጓድ ጻፍኩት። ባሏ የቆፈረላት የውሃ ጉድጓድ ያላት አንዲት መበለት አለች፤ መንደሩ በሙሉ ከእሷ ይቀዳል። አንድ ባለጸጋ ይመጣና ጉድጓዱን ያጥረዋል። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች። በመጨረሻ መብረቅ ወርዶ ባለጸጋውን ይመታዋል፣ አጥሩ ይወድቃል፣ መዘምራን ይዘምራሉ። ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። ግን ችግሩ የእትዬ አማል ስለሆነ እሳቸው ሳይሰሙት ለሰው ማሳየት ነውር መሰለኝና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አነበብኩላቸው።

እትዬ አማል ሰሊጥ እያበጠሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወንፊቱን አስቀመጡና «ወላሂ ቃናኒ፣ ታሪክ ቆንጆ ነው። ግን ይሄ ሴትዮ ለምን ሁልጊዜ ያለቅሳል? እኔ አለቀሰ እንዴ? እኔ ተናደደ እንጂ አላለቀሰም» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው። ወረቀቴን ዝቅ አደረግኩ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። «መብረቅ መጣ፣ ዛሊም፣ ግፈኛ፣ ሞተ፣ ኸላስ፣ አለቀ። ጎረቤት የት ሄደ? እዚህ ታሪክ ውስጥ ጎረቤት የለም? ውሃ የጠጣው ሰው ሁሉ የት ሄደ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነት ቸግሯቸው ነበር የሚጠይቁት። እኔ ወረቀቴን አጥፌ ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ «ቃናኒ፣ አንተ ተቀየመ?» አሉኝ። አልተቀየምኩም አልኳቸው። እጄን ይዘው ማንጎ ሰጡኝ፣ ከተረፉት ዛፎች።

ቤት ገብቼ መብረቁን ሰረዝኩት። መዘምራኑንም ሰረዝኳቸው። ሴትዮዋን አስቆጣኋት። ከዚያ የመንደሩን ሰዎች አስገባሁ፤ ለውሃ የሚሰለፉ፣ የሚስቁ፣ አጥሩ ሲታጠር በየበራቸው የሚቆሙ። መጨረሻው ግን አልመጣልኝም። ባለጸጋውን ላስታርቀው? ሰዎቹን ላስመስክራቸው? እኔ በወረቀት ላይ ባስመሰክራቸው ደግሞ ሰው አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ አልጨረስኩትም። ሽማግሌው ሕዝቡን ሰብስቦ «ከዚህ ጉድጓድ የጠጣ ይናገር» ይላል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ መጋረጃ ይዘጋል። በቃ።

ለቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ለቄስ ቦዔዝ ጽሑፉን ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ሳላሳያቸው መድረክ ላይ ማውጣት ክህደት ነው ብዬ። አንብበው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት። በመጨረሻም «በፋሲካ ባይሆን፣ ሌላ ጊዜ ቢሆንስ?» አሉኝ። እኔም «ሌላ ጊዜማ መጋዘኑ ተሠርቶ ያልቃል» አልኳቸው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይታይ» አላሉም፣ «አይታይ»ም አላሉም። ወረቀቱን መለሱልኝና «እኔ እንግዲህ እጸልያለሁ» አሉ። ዮሚፍ ግን ሲሰማ በጣም ተቆጣ። «የሰው አጥር ለማፍረስ ብለሽ የራስሽን ቤት ታፈርሻለሽ፤ የምሠራበት ክፍል የማን እንደሆነ ረሳሽው?» አለኝ። አልረሳሁትም ነበር። እሱም እውነት ነበረው።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ በመስኮት ሳይቀር ሰው ቆሞ ነበር። ጋሽ ቢቂላ ከነቤተሰባቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አዮ በሴቶች በኩል ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናት። እትዬ አማል ቶባቸውን ተከናንበው ከዐወድ ጋር መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰዎች ዞረው አዩአቸው፤ ከዚያ እንዳላዩ ሆኑ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። መጋረጃው የአዮ ነጭ አንሶላ ነው፣ ሽቦ ላይ ተሰክቶ።

መጀመሪያ ላይ ሰው ይስቅ ነበር። የውሃ ወረፋው፣ የሴቶቹ ሐሜት፣ ያ ሁሉ አስቋቸዋል። አጥሩ ሲታጠር ሳቁ ቀነሰ። መበለቲቱ የሆነችው ልጅ እንደ እትዬ አማል ወገቧን ይዛ ስትቆም ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋ። ከዚያ ሽማግሌ የሆነው ምስጋና፣ ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ልጅ፣ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ «ከዚህ ጉድጓድ የጠጣ ይናገር» አለ። ተዋንያኑ እንደተነገራቸው ዝም አሉ። እኔ መጋረጃውን ሳብኩ። አልመጣም። አንሶላው ሽቦው ላይ ተይዟል። ደግሜ ሳብኩ፣ አልመጣም። ምስጋና መጋረጃው ሳይዘጋ ሲቀርበት ጨነቀው፤ የሚለው ሌላ ነገር ስላልነበረው ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ ያንኑ ደገመው። «ከዚህ ጉድጓድ የጠጣ ይናገር።»

ጋሼ፣ ያን ዝምታ ብትሰማው። ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። እኔ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከዚያ አዮ ተነሣች። ለመቆም እንዴት እንደሚያስቸግራት ታውቃለህ፤ የፊቷን አግዳሚ ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች። በኦሮምኛ «እኔ ጠጥቻለሁ» አለች። ድራማው ውስጥ የገባች የመሰላቸው አንዳንድ ሰዎች ሳቅ ሊሉ ነበር። እሷ ግን ጋሽ ቢቂላን እያየች «ቢቂላ ልጄ፣ ያን ማንጎ ባሌና ባቢከር ሲተክሉት ውሃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። አማልና እኔ። ወሰኑ እሱ ነው፤ መሬቱም የእሷ ነው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። እንደ ቤቷ ነበር የተናገረችው።

ጋሽ ቢቂላ «እርስዎም፣ እማማ?» አሏት። ጋሼ፣ በዚያ ቃል ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ሐዘን ነበር የሰማሁት፤ አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። ተነሥተው ወጡ፣ ቤተሰባቸውም ተከተላቸው። እትዬ አማልን አልፈው ሲሄዱ ሴትዮዋ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏቸው።

ከዚያ እኔ ወጣሁ። ማን እንዳስወጣኝ አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይሁን፣ የአዮ ብቻዋን መቆም ይሁን። አንሶላውን ለቅቄ መድረኩ ላይ ወጣሁና «እኔም በልቻለሁ። ወሰኑን አውቀዋለሁ» አልኩ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሌላ ሰው ተነሣ፣ ሌላም ተነሣ። ሁሉም አልተነሣም። ብዙዎቹ ጫማቸውን ያዩ ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ቄስ ቦዔዝ ወደ መድረኩ ወጥተው ጸሎት አደረጉ። በጸሎታቸው መሃል «ጎረቤታችን አማል» ብለው በስማቸው ጠሯቸው። ከዚያ ቀደም ሰው በስማቸው ጠርቶ አልጸለየላቸውም ነበር፤ «ይህች መበለት» ነበር የምንላቸው።

በግንቦት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛዋ ከባለሙያዎች ጋር መጥተው ቦታውን አዩ። የሚመሰክር ሲጠየቅ አዮ መሰከረች፣ እኔ መሰከርኩ፣ በዚያን ዕለት የተነሡት ሌሎችም መሰከሩ። ምላሴ እንደ ወትሮው ደርቋል፤ ግን የሚጠየቀው ነገር የማውቀው ስለነበር አለፍኩት። አዮን በሞተር ብስክሌት ፍርድ ቤት አድርሶ የመለሳት ዮሚፍ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አኩርፎኝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ማንም ሳይጠይቀው ሞተሩን አጥቦ፣ መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አንጥፎላት በር ላይ ጠበቃት።

ለእትዬ አማል ተፈረደላቸው። ጋሽ ቢቂላ ይግባኝ እላለሁ ብለዋል፤ የዚያን መጨረሻ ገና አላወቅንም። ዐወድ አጥሩን አፍርሶ ቆርቆሮውን በሥርዓት ደርድሮ «ይውሰዱት» ብሎ አስቀመጠላቸው። የተቆረጡት ዛፎች ግን ተቆርጠዋል። ጥላ የነበረው የእኛ ጓሮ አሁን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ አዮ ወንበሯን ይዛ ከግድግዳ ግድግዳ ስትሸሽ ትውላለች።

እኛም የከፈልነው አለ፤ አልደብቅህም። ጋሽ ቢቂላ «ክፍሉን ለልጄ እፈልገዋለሁ» ብለው ዮሚፍን አስወጡት። አሁን ደጃችን ላይ ሸራ ወጥሮ ይሠራል፤ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ሁሉ ወደ ሳሎን ያስገባዋል፣ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ደንበኛ ቀንሶበታል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ደግሞ ነገሩ እስኪበርድ ድራማ እንዳይታይ ወሰኑ። አንዳንድ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ለማን ብለሽ፣ ለእስላም ብለሽ የራስሽን ወገን አዋረድሽ ያለችኝም አለች። ለጎረቤቴ ነው አልኳት፤ አልገባትም።

አዮ ግን ከፍርዱ በኋላ አንድ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወጣች። የት ሄደች ስንል ጋሽ ቢቂላ ቤት ሄዳለች። እሷ እንደነገረችን ከሆነ ወንበር ሰጧት፣ ውሃ አስቀረቡላት፣ ግን አንድም ቃል አልተናገሯትም። እሷ «ባሌን ያመጣህልኝን አልረሳሁም፤ እስክሞት እመርቅሃለሁ። ግን ውሸት እንድመሰክርልህ አይደለም ያመጣኸው፣ አይደለም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ስትወጣ ግን ሾፌራቸውን ጠርተው በመኪና ወደ ቤቷ አደረሷት። ይህን ስትነግረን አለቀሰች። «ልቡ አልሞተም፤ እኔ ልሙትለት» አለች። እኔ እስካሁን እንደ እሷ ለመጸለይ አልደረስኩም። ስማቸውን ስጠራ ዮሚፍ በዝናብ ዕቃ ሲያነሣ ይታየኛል። እየሞከርኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የማላውቃት ሴት ከባምባሲ መንገድ በኩል እኔን ፍለጋ መጣች። አንድ ችግር ነገረችኝ፤ ስለ ሴት ልጇ ነው፣ እዚህ አልጽፈውም። ዳኛ አይደለሁም፣ ባለሥልጣን አይደለሁም፣ ምን ላድርግልሽ ብላት «ስለ ጉድጓዱ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። የእኔንም ጻፊው፤ ስሜን ግን አትጥሪ» አለችኝ። ጋሼ፣ ፈራሁ። ግን እጄ ሥራውን ያወቀ መሰለኝ። የት እንደሚታይ፣ ማን እንደሚጫወተው ገና አላውቅም። ምናልባት ሰዎች በሚሰበሰቡበት ለቅሶ ቤት ወይም ገበያ ላይ ቆሜ እንደ ተረት እነግረዋለሁ። አንተ ብትኖር መሃል ላይ ስደርስ ትረዳኝ ነበር። የምጠይቀው ሰው ባጣሁ ቁጥር በልቤ አንተን እጠይቃለሁ። አንዳንዴ የምትመልስልኝም ይመስለኛል፤ ግን ድምፅህን እየረሳሁት ነው፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። በስልክ የምሰማው ድምፅህ የሌላ ሰው ነው፤ የደከመ፣ የሚጣደፍ። እኔ የምፈልገው ከዝናቡ በላይ የሚጮኸውን ነው።

እንግዲህ ብዙ አስቸገርኩህ። ዮሚፍ «ወንድሜን ሳሚልኝ፤ ስለ ሥራው እንዳያስብ፣ የሰው ሞተር እስካለ መበላሸቱ አይቀርምና እኔም ሥራ አላጣም» ብሎሃል። ኢልሊ «ለአጎቴ ልጅ ንገሪልኝ፣ አማርኛ ካልቻለች እኔ አስተምራታለሁ» ብላለች። እትዬ አማል «ለዳበሳ ሰላም በል፤ ክንዱ አሁንም ያመዋል ወይ በል» ብለዋል፤ እንዳሉኝ ጻፍኩልህ። ዐወድ ሰላም ይልሃል። ቄስ ቦዔዝ በጸሎት እንደሚያስቡህ ነግረውኛል። ለባለቤትህ፣ ለትልቋ፣ ጥርስ ላበቀለው ወይም ሊያበቅል ላለው ትንሹ፣ ለሁሉም በየተራ አንገታቸውን አቅፈህ ሳምልኝ። ምስጋናንም እንደ ልጅህ ተቀበለው፤ ቀን በሰው ፊት የማይፈራ ልጅ ቢመስልም ማታ ቤቱ የሚናፍቀው ነው።

አዮ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ስትጠብቅ ቆይታ አሁን ተራዋ ደረሰ። ምን ልበልልሽ ብላት ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ እንዲህ በይው አለችኝ፦ «ሰዎች ልጅ ለእናቱ ቀብር ይድረስ ይላሉ። እኔ ግን ቀብሬ ላይ ባይደርስ አልቀየመውም፤ ያኔ አላየውም። ዓይኔ ሳለ ይምጣልኝ።»

የምትናፍቅህ እኅትህ
ቃናኒ

አሶሳ
ሰኔ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.